የንግሥቲቱ ሌላኛው ዓይን

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ምትኩ የአንገት መስቀሉን አውልቆ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ “ሲስ፣ በጣም ጠቁሯል። እንደ እማዬ አድርገሽ አጽጂልኝ” ብሎኝ ወጣ። እንደ እማዬ ማለት በሎሚና በአመድ ማለት ነው። ከጂኮው፣ ከከሰል ምድጃዬ ሥር፣ አንድ እፍኝ አመድ ዘግኜ ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት። አመዱ ትሽ አለና ያ ኮምጣጣ ሽታ ወደ ላይ ወጣ። እጄ እዚያው ቀረ። መስቀሉን በውሃ ብቻ አለቅልቄ፣ እንደጠቆረ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ምትኩ ሲመለስ፣ “ሎሚ አልቆብኝ ነው” አልኩት። የተቆረጠው ሎሚ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያየዋል። ሳቀብኝ። እኔ ግን ያንን ሽታ ካሸተትኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አሁንም ፈራሁት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር፣ በእትዬ ሙሉ ምግብ ቤት ጓሮ ከነበሩት ሁለት ክፍሎች በአንዱ ነው። እማዬ የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። አባዬ በከባድ መኪና ሸቀጥ እያስጫነ ጁባ ይመላለሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ የእማዬ ሆድ ገፍቶ ነበር። እጁን ሆዷ ላይ አድርጎ፣ “ክርስትናው ላይ እደርሳለሁ። ስም እንዳታወጡለት፤ ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ” አላት። ከዚያ አፍንጫዬን ቆንጠጥ አድርጎ፣ “አንቺ ደግሞ እናትሽን ጠብቂ” አለኝ። ሲቀልድ ነበር። እኔ ግን የምር ወሰድኩት፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የኔ ጥፋት የመሰለኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በሁለተኛው ክፍል አባባ ውብሸት ይኖራሉ። ከአንጥረኛ ቤት የተወለዱ፣ ሠላሳ ዓመት ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሕንዳዊ ወርቅ ቤት ጓዳ ብር ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መዶሻው ጆሯቸውን ወስዶታል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ሸፍኖታል። እሳቸው በጓሮ ሲያልፉ አስተናጋጆቹ ተሯሩጠው ድስት ይከድኑ ነበር፤ አንጥረኛ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ። ድንበር ተሻግረን ስንመጣ ይዘነው የመጣነው ጉድ ብዙ ነው። እማዬ ብቻ ክዳኑን ከፍታ፣ “አባባ፣ ጨው ይቅመሱልኝ” ትላቸዋለች።

አባባ ውብሸት የእንግሊዝ የድሮ የብር ሳንቲም ይሰበስባሉ። ዌስትላንድስ አካባቢ አንድ ያረጀ እንግሊዛዊ ሲሞት ልጆቹ ከአገራቸው መጥተው የቤቱን ዕቃ ይሸጣሉ። አባባ ይሰሙና በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ ሄደው፣ ሰው ከናቀው መሳቢያ ሽልንጉንና ክራውን የሚባለውን ትልቁን ብር ለቅመው ይመለሳሉ። የሟቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ያስጽፉኝና ከሳንቲሙ ሥር ያስቀምጡታል። ሳንቲሞቹ የሚያድሩት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው አረንጓዴ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ ጨርቁ ላይ እያንዳንዱ ሳንቲም የራሱን ጎድጓዳ መኝታ ሠርቷል።

ያየ ሁሉ ይገርመው ነበር። እትዬ ሙሉ አንድ ቀን ጆሯቸው ሥር ጮኻ፣ “ሌላው ብር ሲያገኝ ለልጁ መስቀል ያሠራል፤ እርስዎ ይቆልፉበታል!” ስትላቸው ሰማሁ።

“ዕድሜዬን በሙሉ ጠገራ ሳቀልጥ፣ ፊት ሳጠፋ ኖርኩ” አሉ አባባ ውብሸት። “ስታቀልጪው መጀመሪያ የሚጠፋው ዓይኑ ነው። አሁንስ በቃኝ፣ ምያለሁ።”

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኔ ሥራ ለእሳቸው ዓይንና ጆሮ መሆን ነበር። ዓመቱንና ፊደሉን አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ሳንቲሙን ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በሌላ ሳንቲም ጠርዙን መታ አደርገዋለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከንፈሬን ያያሉ።

“ዘፈነች?”

“ዘፈነች አባባ!”

ጥሩ ብር ከሆነ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቶሎም አይጠፋም፤ ጆሮዬ ውስጥ ትንሽ ይቆያል። ከመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት በኋላ የተሠሩት ግማሽ ብር ስለሆኑ ድምፃቸው አጭር ነው። ከሁለተኛው ጦርነት ወዲህ ያሉት ጭራሽ ብር የለባቸውም፤ ጠቅ ብለው ዝም ይላሉ። እነዚያን አባባ ለኔ ይሰጡኝ ነበር፤ መጫወቻ እንዲሆኑኝ።

ከሁሉም የምወደውም የምፈራውም ሳንቲሞቹ ላይ የተቀረጸችውን የእንግሊዝ ንግሥት ተራ ነበር። አባባ ዕድሜዋን ጠብቀው ደርድረዋታል። መጀመሪያ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ኮረዳ ናት። ቀጥሎ ጉንጯ ሞልቶ፣ አናቷ ላይ ትንሽዬ ዘውድ ጣል አድርጋ፣ ከዘውዱ ሥር ሻሽ ለቃለች። በስተመጨረሻ ሻሹ ጭንቅላቷን ሸፍኖ እስከ ትከሻዋ የወረደ ነጠላ ሆኗል፤ አገጯም ወርዷል። እኔ ሦስቱ አንድ ሴት መሆናቸው እንጂ ሳንቲሞቹ በተለያየ ጊዜ መሠራታቸው አልገባኝም። እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ያረጀች ነበር የሚመስለኝ፤ ከድነን በሄድን ቁጥር ትንሽ ትንሽ።

ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምታየው። ልጇ ነው ያሉኝ ጢማም ንጉሥ ደግሞ ወደ ቀኝ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቷታል።

“ተኳርፈው ነው?” አልኳቸው።

“ደንባቸው ነው። አዲስ የነገሠው ካለፈው ፊቱን ያዞራል።”

“ሌላኛው ዓይኗ የት ነው?”

“በዚያ በኩል ነዋ።”

ገለበጥኳት። በዚያ በኩል ፊት የለም፤ ጋሻና ፊደል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓይን ብቻ ያላት ሴት መሆኗን አመንኩ።

“ለምንድን ነው ነጠላ የተከናነበችው?”

አባባ ውብሸት ባለ ነጠላዋን ክራውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ጥቁር ነበረች። “ባሏ ሞቶባት። አርባ ዓመት ሐዘን ላይ ተቀመጠች ይባላል” አሉኝ።

አንድ ሳምንት በእትዬ ሙሉ ቤት የትልቅ በዓል ዝግጅት ነበርና እማዬ የአንገት መስቀሏን በአመድና በሎሚ አሽታ ስታብለጨልጨው አየሁ። አባባንም ላስደስት አሰብኩ። ቅዳሜ እሳቸው ለጸሎት ሲወጡ፣ ባለ ነጠላዋን ክራውን ከቆርቆሮው አንስቼ ጓሮ ይዣት ሄድኩ። አመድ፣ ሎሚ፣ አሮጌ ካልሲ። ስታሽ ስታሽ ጥቁሩ ውሃ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። በመጨረሻ ነጭ ሆና ወጣች። ዓይኗ ላይ ያለው ጥቁረት ሲለቅ ብልጭ አለብኝ። እስከዚያ ድረስ ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች ሴት ነበረች፤ አሁን በዚያ በአንድ ዓይኗ ያየችኝ መሰለኝ።

አባባ ሲመለሱ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷትና፣ “ምነው ልጄ፣ ፊቷን ገፈፍሽው። ያ ጥቁረት እኮ ዕድሜዋ ነው። ሳንቲም አይታጠብም” አሉ። ይኼን ማን ያውቃል? በኛ ቤት ብር የሚከበረው ታሽቶ ሲያበራ ነው። እያለቀስኩ ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ አንድ ነገር ተለወጠ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እማዬን ሲያዩ ሁሉም ዝም አሉ። አንድ ሰውዬ ሳያስበው ከመቀመጫው ብድግ አለና እንደገና ተቀመጠ። እትዬ ሙሉ፣ አንድ ሶዳ እንኳ በነፃ የማትሰጠው ሴትዮ፣ ሁለት ጠርሙስ ፋንታ ከፈተችልኝ። አንዷ አስተናጋጅ ፀጉሬን እየዳበሰች ዓይኗን ጠረገች። “ምነው?” ስላት፣ “ሽንኩርቱ ነው” አለችኝ። እጇ ላይ ሽንኩርት የለም።

በሩ ላይ ያለው አስካሪ፣ ዘበኛው ሙቱአ፣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ “ፖሌ ሳና ምቶቶ” አለኝ። በዚህ አገር ብትወድቅም፣ ብታስነጥስም፣ ብርጭቆ ቢሰበርብህም “ፖሌ”፣ አይዞህ፣ ይሉሃል። ስለዚህ አልገረመኝም። የገረመኝ እትዬ ሙሉ ከውስጥ ሮጣ ወጥታ በክንዱ ጎትታ የወሰደችው ነው። ሁሉም ሰው የንግሥቲቱን ፊት እንደገፈፍኩ ሰምቷል ብዬ ደመደምኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ። አባባ ቆርቆሮውን ከፈቱ። ኮረዳዋ አለች። ባለ ዘውዷም አለች። ባለ ነጠላዋ የለችም። ያጠብኳት ክራውን ብቻ አይደለችም፤ ስድስቱም ባለ ነጠላዎች የሉም። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ስድስት ባዶ መኝታዎች ተደርድረዋል።

“አባባ፣ አሮጊቷስ?”

ሌላ ጊዜ ሦስቴ ካልጮህኩ የማይሰሙኝ ሰው ያን ቀን በአንዴ ሰሙኝ። ቆርቆሮው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ “ወጣ ብላ ነው” አሉኝ።

ወጣ ብላ ነው! እስከ ዛሬ የሰማኋቸውን አስፈሪ ወሬዎች ሁሉ ብደረድር ያቺን አጭር መልስ የሚያህል የለም። የት ሄደች? ምን ልታደርግ?

ማታ ማታ እማዬ አባዬ ጋ ትደውላለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልጁ የአባቱን ድምፅ እንዲሰማ። የምትመልሰው ግን አንዲት ሴት ናት፤ “ምቴጃ ዋ ናምባሪ ኡሊዮፒጋ ሃፓቲካኒ ክዋ ሳሳ።” የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም ማለት ነው። የናይሮቢ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት የማሽን ድምፅ ናት፤ እኔም አውቃታለሁ። ቢሆንም ጆሮ ሲሠለጥን አበሳ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ትንፋሽ የለም። ጁባ ድረስ ሄዳ የአባዬን ስልክ የያዘችው እሷ ናት አልኩ።

“ኔትዎርክ የለም” ትላለች እትዬ ሙሉ።

“ሦስት ሳምንት?” ትላለች እማዬ።

“ጁባ እኮ ነው፤ ምን ኔትዎርክ አለ!”

ዝናቡ ሲጠና አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ማታቱ የሚቆምበት ስቴጅ ላይ አንዲት ምዙንጉ፣ ነጭ፣ አሮጊት አየሁ። ሻርፕ ተከናንባለች። ወደ ግራ ታያለች። አገጯ የወረደ ነው። ሰው እየተጋፋ ያልፋታል፣ እሷ አትነቃነቅም። ፈራሁ፤ ግን አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ፤ ሌላኛውን ዓይኗን። ዝናቡ የሠራውን ኩሬ ዞሬ በዚያኛው በኩል ለመድረስ ስሮጥ ማታቱ መጥቶ መሃላችን ቆመ። ሲሄድ ስቴጁ ባዶ ነበር። ተሳፍራ ይሆናል፤ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው። ያኔ ግን ወደ ቤታችን ቀድማኝ የሄደች መስሎኝ እየጮህኩ ሮጥኩ። ስደርስ እማዬ ድስቷን እያማሰለች ነበር።

ወንድሜ በዚያው ሰሞን ተወለደ። ቤታችን በሴቶች ተሞላ። እማዬ ስልኳን ስትጠይቅ፣ “አራስ ስልክ አትይዝም፤ ጆሮዋ ይነፍሳል” ብለው ወሰዱባት። ማንም ብቻዋን አይተዋትም፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ በር ላይ ከእትዬ ሙሉ ጋር ይንሾካሾካል። እማዬ ግድግዳውን እያየች ታጠባለች። አንዳንዴ ሳትዞር፣ “አባትሽ ለክርስትናው ይደርሳል አይደል?” ትለኛለች። “ይደርሳል” እላለሁ። እናትሽን ጠብቂ ተብያለሁና።

ክርስትናው አንድ ሳምንት ሲቀረው አባባ ውብሸት ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ንግሥቲቱ ተቆጥታ መውጣቷን፣ ጁባ መሄዷን፣ ስልኩን መያዟን። “ወደ ቆርቆሮው ይመልሷት አባባ። እሷ ካልተመለሰች አባዬ አይመጣም” አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ጮኼ ነበር የነገርኳቸው። ሞራ ከሸፈነው ዓይናቸው ውሃ ወረደ። ሞራ የሚያነባ መሰለኝ።

“እሺ ልጄ” አሉ። “እኔ አስተካክላለሁ።”

አርብ ዕለት ከክፍላቸው የከሰል ጭስ ወጣ። ከዚያ መዶሻ ተሰማ። አስተናጋጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሰውዬው መዶሻ ካነሱ ዘመን የለውም። በክርስትናው ዋዜማ አባባ ጠሩኝና መዳፌ ላይ አዲስ የአንገት መስቀል አስቀመጡ። ገና ይሞቃል።

“ለወንድምሽ ነው። አቀለጥኳት፤ ስድስቱንም። ከእንግዲህ የትም አትሄድም።”

“ዓይኗስ?”

“መጀመሪያ የጠፋው እሱ ነው።”

መሃላቸውን ማፍረሳቸው ትዝም አላለኝ። ያን ቀን ከስንት ሳምንት በኋላ ሳልባንን ተኛሁ።

ክርስትናው ላይ ግን አባዬ አልመጣም። ድንበር ላይ ወረቀት ይዞት ነው ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ቀርቦ ሳለ አንዱ ሰው፣ “ታዲያ የቤት ስሙ ማን ሊባል ነው?” አለ። እትዬ ሙሉ ሕፃኑን አቅፋ እያየችው ነበር።

“ምትኩ ብትዪውስ” አለች፣ እንደ ዋዛ።

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። እትዬ ሙሉ ያለችው ለራሷም ቆይቶ ነው የገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ስም የሚወጣው የሞተ ሰው ሲኖር ነው።

“ምትክነቱ ለማን ነው?” አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ።

“ለ... ለአባቴ። የኔ አባት ሟች አይደሉ?”

እማዬ እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለቻት።

በማግስቱ ገና ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። ቄሱ፣ እትዬ ሙሉ፣ ከኋላቸው ጓሮውን የሞላ ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም “እንደምን አደራችሁ” አላለም። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

“በሉ አሁን ንገሩኝ” አለች።

አባዬ ከሞተ ሁለት ወር አልፎት ነበር። መኪናው ጁባ መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ እዚያው ተቀብሯል። ወሬው ናይሮቢ የደረሰው እኔ ሳንቲሟን ባጠብኩ ማግስት፣ ያን እሑድ ነው። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም እንዲሁ። ስለዚህ እስክትወልድና ልጇ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ከእሷና ከኔ በቀር አበሻ የተባለ ሁሉ አፉን ዘግቶ ከረመ። አባባ ውብሸት ባል የሞተባትን ሴት ከቆርቆሮው ለቅመው የደበቁት፣ እኔ አባት እንደሌለኝ እያወቁ እሷን በኔ አፍ ማስነበብ ስላልቻሉ ነበር።

ይኼን ሁሉ የተረዳሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የገባኝ ሌላ ነው። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶት፣ እማዬ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ነጠላዋ ጭንቅላቷን ሸፍኖ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። አገጯ ወርዷል። ወደ ግራ ታያለች። አንድ ዓይን ብቻ።

አባባ ውብሸት በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ሰው አልተጠጋቸውም። ሄጄ ጆሯቸው ሥር፣ “አባባ፣ አላቀለጧትም” አልኩ።

“ምን አልሽ?”

“አላቀለጧትም።”

“ጮክ በዪ ልጄ።”

“አላቀለጧትም! ይኸው ቤታችን ገብታ ተቀምጣለች!”

ለቅሶው ቀጥ አለ። አባባ በጣቴ ወዳመለከትኩበት በዚያ በፈዘዘ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩ። ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። አንዷ ሴት ልትጎትተኝ ተነሳች።

“ተዪያት” አለች እማዬ።

ቀስ ብላ ዞረች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በዚያ በኩል ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ገልብጬ አይቻለሁ። ኮቴ ሳይሰማ፣ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ጡት ጡት የሚል ጠረን ቀረበኝ፣ እጇም ጉንጬን ያዘ።

“እይኝ” አለችኝ። “እኔ ነኝ።”

ገለጥኩ። ነጠላውን ከራሷ ላይ አውርዳዋለች። ፊቷ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሙሉውን ወደ እኔ ዞሯል። ሁለት ዓይን ነበራት። ሁለቱም ያዩኝ ነበር።